መኪናዎ በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?

ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሳት ከጀመረ ወዲህ አሽከርካሪው ሁሉ በመሰለው መንገድ ይቆጥባል። ከመቆጠብ በፊት ግን መኪናው የሚበላውን ማወቅ ይቀድማል።

ማደያ ገብተው መቅጃው ራሱ ጠቅ ብሎ እስኪቆም ያስሞሉና የቆጣሪውን ኪሎ ሜትር ይጻፉ። ታንኩ ሩብ ሲቀረው እንደገና በዚያው መንገድ አስሞልተው የሄዱትን ኪሎ ሜትር አሁን ለገባው ሊትር ያካፍሉ። 412 ኪሎ ሜትር ሄደው 31 ሊትር ከገባ፣ በሊትር 13.3 ነው። መቅጃው ከቆመ በኋላ «ትንሽ ጨምርበት» ካሉ ስሌቱ ይበላሻል።

ነፋሱ የጎደለ ጎማ ነዳጅ ያስበላል። የጎማ ነፋስ የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይነዳ ነው። ልኩ ሾፌሩ በር ጋ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ፤ ለትንንሽ የቤት መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 35 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ነው። የሞቀ ጎማ ከፍ አድርጎ ያነባል። ጎሚስታው «በዝቷል» ብሎ ካስተነፈሰው ጠዋት ከልኩ በታች ሆኖ ያገኙታል።

ከዚያ ፍሬኑን ይዩ። ጥቂት ኪሎ ሜትር ፍሬን ሳያበዙ ነድተው ይቁሙና እጅዎን ሳይነኩ ወደ አራቱም ቸርኬዎች ያስጠጉ። አንዱ ለብቻው የሚጋረፍ ከሆነ ፍሬኑ ሳይለቅ ይዞ ቀርቷል፤ ነዳጅ ያስበላል። ሌሎቹን ጎማዎች በድንጋይ ደግፈው፣ የእጅ ፍሬን ለቀው፣ ማርሹን ፎሌ (ነጻ) አድርገው ያንን ጎማ በክሪክ ያንሱት፤ በእጅ ሲያዞሩት ወዲያው ቀጥ ይላል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የተጣበቀ የፍሬን ፒስተን ወይም የማይመለስ የእጅ ፍሬን ገመድ ነው። ይህ ሳይጠገን ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ካንዴላ (የሞተር እሳት ሰጪ) መቀየር ገንዘብ መጣል ነው።

ጣሪያው ላይ ባዶ ፖርቶ መጋላ (የዕቃ መጫኛ) ካለ ያውርዱት፤ ነፋስ ይይዛል።

ስለ ፎሌ ግን ጠበቅ አድርገን እንናገራለን። ከእንጦጦም ሆነ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሲወርዱ ፎሌ ነዳጅ አይቆጥብም። ኢንጀክሽን ያለው መኪና ማርሽ ውስጥ እያለ እግር ከነዳጅ ፔዳል ሲነሳ ነዳጅ መርጨቱን ያቆማል፤ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። ፎሌ ሲገባ ግን እንዳይጠፋ በሚኒሞ (መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ባለው ዝቅተኛ ዙር) ነዳጅ ማቃጠሉን ይቀጥላል። የባሰው ደግሞ መኪናውን የሚይዘው ፍሬን ብቻ መሆኑ ነው፤ የፍሬን ሸራው ይግላል፣ ፔዳሉ ቢረገጥም ላይይዝ ይችላል። ዳገቱን በሚወጡበት ማርሽ ይውረዱ። ሞተሩ ቢጮህም ያን ጊዜ ነዳጅ እየበላ አይደለም።