የማህበር አዳራሽ ከጣሪያና ግድግዳ ግብር ነጻ የሚሆንበት መንገድ፦ ለጎጃም አርበኞች ማህበራትና እድሮች

ደብረ ማርቆስም ሆነ ቡሬ፣ ዳንግላም ሆነ ሞጣ፣ ከተማ ውስጥ አዳራሽ ወይም ዕቃ ቤት ያለው ማህበር የቦታ ኪራይና የቤት ግብር ይጻፍበታል። ሕዝቡ «ጣሪያና ግድግዳ» የሚለው ነው። ብዙ ማህበር «እኛ የአርበኞች ማህበር ነን፣ ግብር አይመለከተንም» ብሎ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ይከታል፤ ውዝፉም እዚያው መሳቢያ ውስጥ ይወልዳል። ነጻ መሆን የሚቻለው ተጠይቆ፣ ተፈቅዶና በደብዳቤ ተረጋግጦ ነው።

መነሻው አዋጅ ቁጥር 80/1968 ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ከሆነ በኋላ የወጣ ሲሆን፣ የቤት ግብሩን በቤቱ ዓመታዊ የኪራይ ግምት ላይ ከ1 በመቶ እስከ 4.5 በመቶ ያሰላል። የአምልኮ ቦታዎች፣ የመቃብር ቦታዎች፣ ለትርፍ ያልቆሙ የግል ትምህርት ቤቶችና ሆስፒታሎች፣ የበጎ አድራጎት ተቋማት፣ እንዲሁም ዓመታዊ የኪራይ ግምታቸው ከ300 ብር ያልበለጠ መኖሪያ ቤቶች ነጻ ናቸው። «አርበኛ»፣ «የቀድሞ ሠራዊት» ወይም «እድር» የሚል መደብ ግን ዝርዝሩ ውስጥ አታገኙም። ስለዚህ ማህበራችሁ የሚገባው በበጎ አድራጎት በር ነው። በበላይ ዘለቀ አገር የአርበኛ ክብር ማንም አይጠራጠርም፤ የግብር ባለሙያው ግን የሚጠይቀው ቤቱ ምን እንደሚሠራበት ነው። የአባላት የግል መኖሪያ ቤትም በማህበሩ ደብዳቤ ነጻ አይወጣም፣ ማመልከቻው ውስጥ አትቀላቅሉት።

በ2017 የንብረት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1365 ወጥቷል። ክልሎች በራሳቸው ሕግ የሚያስፈጽሙት ማዕቀፍ ስለሆነ፣ ከመጻፋችሁ በፊት የከተማችሁ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ግብሩን የተመነው በየትኛው ሕግ እንደሆነ ጠይቁና የሕጉን ቁጥር ከውሳኔ ማስታወቂያው ላይ ገልብጡ። የተሳሳተ አዋጅ የጠቀሰ ማመልከቻ ለመመለስ ቀላል ነው።

ሌላው ቅድሚያ የሚጣራው ይዞታው ነባር (በሊዝ ያልተያዘ) ነው ወይስ ሊዝ የሚለው ነው። ቦታውን በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት በሊዝ ከያዛችሁት፣ በየዓመቱ የምትከፍሉት በውል የገባችሁት ዕዳ ነው። የግብር ነጻነት እሱን አይነካም።

አሁን ወደ ካርታው። ብዙው ጥያቄ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ሌላውን ሁሉ አሟልቶ በካርታ የሚሰናከል ማህበር ጥቂት አይደለም። ከሠላሳ ዓመት በፊት አባላት አዋጥተው የሠሩት አዳራሽ ካርታው በሊቀመንበሩ ወይም በእድሩ ዳኛ ስም ይሆናል። ሰውዬው በሕይወት እያሉ ችግር የለም፤ ሲያርፉ ወራሾች ይመጣሉ፣ ገቢዎችም «ቤቱ የግለሰብ ነው» ይላል። እውነትም በወረቀት የግለሰብ ነው። ካርታው በሰው ስም ከሆነ ነጻነት ከመጠየቃችሁ በፊት ስሙን አዙሩ። ባለስሙ በሕይወት ካሉ በስጦታ ውል ውልና ማስረጃ ቀርበው ይፈርማሉ። ካረፉ ግን ወራሾቹ መስማማት አለባቸው፤ ካልተስማሙ ነገሩ ፍርድ ቤት ነው፣ ያኔ የመዋጮ መዝገብ፣ ቦታው ሲገዛ የተያዘ ቃለ ጉባኤና የቆርቆሮና የሚስማር ደረሰኝ ሳይቀር ዋጋ ያገኛል። ለስም ዝውውር የንብረቱን ግምት 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ ከወዲሁ በበጀት ያዙ። ስሙ ሲዞር አጻጻፉ ከማህበሩ የምዝገባ ወረቀት ጋር በፊደል አንድ ይሁን፤ አንዱ ላይ «መረዳጃ እድር»፣ ሌላው ላይ «መረዳጃ ማህበር» ካለ ሁለት ድርጅት ተብላችሁ ትመለሳላችሁ።

ምዝገባን በተመለከተ፣ በሲቪል ማህበረሰብነት የተመዘገበ ማህበር የታደሰ የምዝገባ ምስክር ወረቀቱን ያያይዛል። እድር ግን ሌላ ነው፦ የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርና እቁብን ከራሱ ወሰን ውጭ አድርጓቸዋል። ስለዚህ አንድ ባለሙያ «የሲቪል ማህበረሰብ ፈቃድ አምጡ» ቢላችሁ አትደናገጡ። የአዋጁን ኮፒ አሳዩትና እድሩን ከመዘገበው የከተማው ወይም የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ማረጋገጫ አቅርቡ።

ማመልከቻው አንድ ገጽ ይበቃል። የማህበሩን ታሪክ ከጣሊያን ዘመን ጀምሮ አትተርኩ፤ እሱ ለሚያዝያ 27 ይቆይ። ዋናው አንቀጽ ይህን ይምሰል፦

«በ… ቀበሌ፣ በይዞታ ማረጋገጫ ቁጥር … በማህበራችን ስም የተመዘገበው … ካሬ ሜትር ቦታና በላዩ ያለው አዳራሽ ለአቅመ ደካማ አባላት መረዳጃ፣ ለቀብር አገልግሎትና ለሕዝብ ስብሰባ የሚውል እንጂ ትርፍ የማይሠራበት በመሆኑ፣ ከ… የበጀት ዓመት ጀምሮ ከቦታ ኪራይና ከቤት ግብር ነጻ እንዲሆን ውሳኔ በጽሑፍ እንዲሰጠን እንጠይቃለን።»

የሚያያዘው የካርታ ኮፒ፣ የምዝገባ ማስረጃ፣ መተዳደሪያ ደንብ፣ አመራሩ የተመረጠበትና አመልካቹን የወከለ ቃለ ጉባኤ፣ ያለፈው ዓመት የገቢና ወጪ ሪፖርት፣ የመጨረሻው የግብር ደረሰኝ፣ የማህበሩ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ነው። በደንቡ ውስጥ ማህበሩ ቢፈርስ ንብረቱ ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ። «ለአባላት ይከፋፈላል» የሚል ካለ በጎ አድራጎት ነን ማለት ይከብዳል፤ ጠቅላላ ጉባኤ ጠርታችሁ ለመሰል ዓላማ እንዲተላለፍ አሻሽሉት። ደብዳቤው «ለሚመለከተው ሁሉ» ሳይሆን ለከተማው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ይጻፍ። መዝገብ ቤት ስታስገቡ በእናንተ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ይጻፍበት፣ ማህተም ይመታበት። ያለዚህ ደብዳቤው ሲጠፋ የገባም አይመስልም።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሰኔ ውስጥ ካስገባችሁ የአዲሱ ዓመት ግብር ከመጠየቁ በፊት ለመወሰን ጊዜ ይኖራል። ውሳኔው እስኪመጣ ግብሩን መክፈል ይሻላል፤ ክርክሩ ቢረዝም ቅጣትና ወለድ አይቆጠርባችሁም።

ቀጥሎ ባለሙያ ቤቱን ሊያይ ይመጣል። መጀመሪያ የሚያየው አዳራሹን እንዳይመስላችሁ፤ በመንገዱ በኩል ያለውን ግድግዳ ነው። እዚያ የተቀጠለች ሱቅ፣ የሞባይል መሸጫ ወይም ሻይ ቤት ካለች «ለትርፍ አይሠራም» የሚለው ቃላችሁ ይወድቃል። አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ሦስት የመብራት ቆጣሪ መኖሩም ተከራይ እንዳለ ይናገራል። ድንኳኑና ወንበሩ ለሰርግ የሚከራይ ከሆነም ገንዘቡ በሪፖርቱ ላይ ይታይ፤ ተደብቆ ሲገኝ ሌላውንም ሪፖርት ያስጠረጥራል።

ሱቅ ካላችሁ መፍትሔው መለየት ነው። ግንባታው በጠቅላላ 250 ካሬ ሜትር ሆኖ፣ 180ው አዳራሽ፣ 40ው ዕቃ ቤት፣ 30ው ሁለት ሱቅ ከሆነ፣ የሚከራየው 12 በመቶ ነው። ይህን በቀላል ንድፍ ስላችሁ፣ ሱቆቹ ግብር እንዲከፍሉ ራሳችሁ አቅርቡና ነጻነቱን ለ220ው ጠይቁ። ዝም ካላችሁ ሙሉው ይጻፍባችኋል። የሱቆቹ ኪራይ የሚያስከትለው የገቢ ግብር ደግሞ የተለየ ነገር ነው፤ የአዳራሹ ነጻነት አይሸፍነውም። የቆሻሻና መሰል የአገልግሎት ክፍያዎችም እንዲሁ።

ጥያቄው ውድቅ ከሆነ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። የቃል መልስ ይግባኝ አይባልበትም። የቅሬታ ቀነ ገደብ አጭር ስለሆነ ደብዳቤው የደረሳችሁን ቀን ፖስታው ላይ ጻፉና በማስታወቂያው በተገለጸው ጊዜ ውስጥ ቅሬታ ለሚሰማው ክፍል አስገቡ። ተፈቅዶ ከሆነ ደግሞ ደብዳቤው የካርታ ቁጥሩን፣ ካሬ ሜትሩንና የሚጀምርበትን ዓመት መያዙን እዚያው ቆማችሁ አንብቡ። ያለፉት ዓመታት ውዝፍ በዚህ ደብዳቤ ተሰረዘ ማለት አይደለም፤ እሱን ለብቻው አመልክቱበት ወይም በክፍያ ስምምነት ጨርሱት።

ዋናው ደብዳቤ በማህበሩ ካዝና፣ አንድ ኮፒ በጸሐፊው እጅ፣ አንድ ኮፒ በገንዘብ ያዡ መዝገብ ይቀመጥ። አመራር ሲቀየር በርክክብ ዝርዝሩ ውስጥ ከማህተሙ ቀጥሎ ይጻፍ። በገቢዎች ቢሮ ሠራተኛ ይቀየራል፣ ፋይል ይዛወራል፤ በሚቀጥለው ሐምሌ ግብሩ ተመልሶ ቢጻፍባችሁ ይህን ኮፒ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ።