ሌክ ላኒየር ላይ ስትራይፐር በህይወት ባለ ሄሪንግ ስታጠምዱ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

አትላንታና ዙሪያው ያላችሁ አሳ ማጥመድ የምትወዱ ወገኖች፣ ብዙ ሰው ላኒየር ሄዶ ቀኑን ሙሉ ፀሀይ ላይ ውሎ ባዶ ኩለር ይዞ ሲመለስ አያለሁና ስትራይፐር የሚባለው ትልቅ አዳኝ አሳ በህይወት ባለ ቤይት (መንጠቆ ላይ በሚሰካ ትንሽ አሳ) ሲጠመድ የሚሰሩ ስህተቶችን ልፅፍላችሁ ነው። በኔ እምነት ቀኑ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ጀልባው ውሃ ሳይነካ በፊት ነው፣ ሄሪንጉ ላይ። ስለዚህ ከሱ ልጀምር፣ በጣም የምረዝመውም እሱ ላይ ነው።

ሄሪንጉን በባልዲ ወይም በኩለር መያዝ። ላኒየር ላይ ስትራይፐሩ በየቀኑ የሚያሳድደው ብሉባክ ሄሪንግ የሚባለውን ትንሽ አሳ ነው፣ ለዛ ነው ቤይት ሱቆቹ እሱን የሚሸጡት። ግን ሄሪንግ ባልዲ ውስጥ ዝም ብሎ ቆሞ የሚቆይ አሳ አይደለም፣ ሳያቋርጥ መዋኘት አለበት፣ ኩለር ውስጥ ስትከቱት ደግሞ ጥጉ ጋ ሲደርስ መታጠፊያ አጥቶ በአፍንጫው እየተጋጨ ራሱን ያቆስላል። የሚያስፈልጋችሁ ክብ ወይም ሞላላ ታንክ ነው፣ ውሃውን የሚያዞርና አየር የሚያስገባ ፓምፕ ያለው፣ ቢቻል ቆሻሻ የሚያጣራ ፊልተርም ያለው። ክዳኑን ከፍታችሁ እዩአቸው፦ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ተሰልፈው ጥቁር ጀርባቸው እየታየ የሚዞሩ ከሆነ ደህና ናቸው። አፍንጫቸው ከቀላ፣ ብር የመሰለው ቅርፊታቸው ረግፎ ውሃው ላይ ከተንሳፈፈ፣ ከላይ አረፋ ከሰራ ግን ታንኩ ወይ ሞልቷል ወይ ሞቋል ወይ ቆሽሿል ማለት ነውና ቶሎ ከፊሉን ውሃ ቀይሩ። ብዙ ሰው የሚከተለው ልክ ለአንድ ጋሎን ውሃ አንድ ሄሪንግ ነው፣ በጋ ላይ (እዚህ አሜሪካ የሙቀት ወራት ማለቴ ነው) ከዛም ቢያንስ ይሻላል። 30 ጋሎን ታንክ ውስጥ 60 ሄሪንግ ጨምሮ መሄድ ብር ማባከን ነው፣ ግማሹ መንገድ ላይ ያልቃል።

የቧንቧ ውሃም አለ። የከተማ ውሃ ክሎሪን አለበት፣ ሳታክሙት ከጨመራችሁት ይገላቸዋል፣ የአኳሪየም መድሀኒት የሚሸጥበት ሱቅ ክሎሪን የሚያጠፋ ጠብታ ታገኛላችሁ። ሙቀቱን ለማብረድ ብላችሁ በረዶ በቀጥታ አትድፉበት፣ በረዶውም ከዛው ከቧንቧ ውሃ የተሰራ ነው፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ሞልታችሁ አቀዝቅዛችሁ እንዳለ ጣል ማድረግ ይበቃል። ቀስ በቀስ ይቀዝቅዝ እንጂ ባንዴ አይውረድባቸው። አዮዲን የሌለው ጨው ትንሽ መጨመርም ይረዳል፣ ሲጨነቁ ሰውነታቸው ላይ ያለው የሚያዳልጥ ሽፋን ቶሎ እንዳይጠፋ ያደርጋል። ስታወጧቸውም በትንሽ መረብ ይሁን፣ በደረቅ እጅ ጨምቆ የተያዘ ሄሪንግ ቅርፊቱን እጃችሁ ላይ ጥሎላችሁ ነው የሚሄደው።

የደከመ ቤይት ውሃ ውስጥ ማቆየት። መንጠቆውን በሁለቱ የአፍንጫው ቀዳዳዎች በኩል አሳልፉት፣ እንደዛ ሲሆን ጀልባው ሲስበው ፊቱን ወደፊት አርጎ ይዋኛል፣ ይተነፍሳል። መንጠቆው ከሄሪንጉ ጋር ይመጣጠን፣ ለትንሹ 1 ቁጥር፣ ለትልቁ እስከ 2/0 ድረስ፣ ትልቅ መንጠቆ ትንሽ ሄሪንግ ላይ ከተሰካ ክብደቱ ይገለዋል። ሊደሩ፣ ማለትም መንጠቆው የሚታሰርበት የክሩ ጫፍ፣ ከ12 እስከ 15 ፓውንድ የሚችል ፍሎሮካርቦን (ውሃ ውስጥ ብዙም የማይታይ የክር አይነት) ቢሆን ጥሩ ነው፣ ላኒየር ውሃው ጥርት ያለ ስለሆነ ወፍራም ክር አሳው ያየዋል። ከዛ በኋላ ሄሪንጉ መንቀጥቀጡን ካቆመ ወዲያው ቀይሩት። ለመቆጠብ ብሎ የሞተ ሄሪንግ ለሰአታት ማንጠልጠል አያዋጣም፣ ስትራይፐር የሚመጣው የሚሸሽ ነገር አይቶ ነው።

ከአሳው በታች መጣል። ይሄ በጋ ላይ የሚሰራ ትልቁ ስህተት ነው። ስትራይፐር የሚያየውም የሚያጠቃውም ወደ ላይ ነው። ሶናሩ (ከጀልባው ስር ያለውን አሳ በስክሪን የሚያሳየው መሳሪያ) አሳዎቹን 40 ጫማ ላይ ካሳያችሁ ቤይቱን 35 ላይ አቁሙት፣ 45 ላይ ካወረዳችሁት ከሆዳቸው ስር ነው፣ ዞር ብለው አያዩትም። ጥልቀት የሚቆጥር ሪል (የክር መጠቅለያ) ከሌላችሁ ደግሞ ከሪሉ እስከ መጀመሪያዋ የዘንጉ ቀለበት ያለውን ክር አንዴ በሜትር ለኩትና ስታወርዱ በእጃችሁ እየሳባችሁ ቁጠሩ፣ ሁለት ጫማ ከሆነ 18 ጊዜ ስትስቡ 36 ጫማ ላይ ናችሁ። ይሄ ግን የሚሰራው ክሩ ቀጥ ብሎ ከወረደ ነው፣ ስለዚህ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት አውንስ ሲንከር (ክሩን ወደ ታች የሚጎትት ክብደት) አርጉ፣ ትሮሊንግ ሞተሩንም (ጀልባውን በዝግታ የሚነዳውን ትንሹን የኤሌክትሪክ ሞተር) ቀስ አርጉት፣ ክሩ ወደኋላ ካዘነበለ ቤይታችሁ ያላችሁት ቦታ ላይ የለም።

ክረምት ከበጋ አንድ ቦታ መቀመጥ። ሀዋሳ ወይ ዝዋይ ላይ በትል ቆሮሶ ያጠመደ ሰው አንድ ጥሩ ቦታ ይዞ መጠበቅ ለምዶ ይሆናል፣ ስትራይፐር ግን በመንጋ የሚንቀሳቀስ አሳ ነው፣ ወቅቱን ካልተከተላችሁት አታገኙትም። ታህሳስና ጥር ላይ ወፎቹን እዩ፣ ሲገልና ሉን የሚባሉት የውሃ ወፎች አንድ ቦታ ላይ ተሰብስበው ውሃ ውስጥ ሲጠልቁ ካያችሁ ከስራቸው ሄሪንግ አለ፣ ከሄሪንጉ ስር ደግሞ ስትራይፐር። ፀደይ ላይ ጠዋት ገና ሳይነጋጋ ወደ ወንዝ አፎቹና ወደ ዳሩ ይጠጋሉ፣ ያኔ ሲንከር ሳታደርጉ ቤይቱን ከጀልባው ኋላ ርቆ እንዲዋኝ መልቀቅ፣ ወይም በፕሌነር ቦርድ (ክሩን ከጀልባው ወደ ጎን በሚስብ ተንሳፋፊ ሰሌዳ) ወደ ጎን ማራቅ ነው። ሀምሌና ነሀሴ ላይ ከላይ ያለው ውሃ ስለሚሞቅባቸው ወደ ታች ይወርዳሉ፣ አብዛኞቹም ወደ ቡፎርድ ግድብ በኩል ያለውን ጥልቅና ቀዝቃዛ ውሃ ይይዛሉ። እዛ ጥልቀት ላይ ግን በጋው እየገፋ ሲሄድ ኦክስጅን ይቀንሳል፣ በጣም ያወረዳችሁት ሄሪንግ በየጊዜው ሞቶ ከወጣ አንዱ ምክንያት እሱ ሊሆን ይችላልና ከፍ አርጋችሁ ሞክሩ።

ሲነክስ መንጠቅ። ሰርክል ሁክ የሚባለው ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ መንጠቆ ነው፣ በሱ የምታጠምዱ ከሆነ ስትነጥቁት ከአሳው አፍ ሾልኮ ይወጣል። ዘንጉን ሆልደሩ (ጀልባው ላይ ያለው የዘንግ መያዣ) ላይ ተዉት፣ መጀመሪያ ጫፉ ትክ ትክ ይላል፣ እሱ ሄሪንጉ ደንግጦ ነው፣ አትንኩት። ዘንጉ ጎብጦ ጫፉ ውሃ ሲነካ ያኔ ያዙትና ዝም ብላችሁ ሪሉን አዙሩ፣ መንጠቆው ራሱ የአፉ ጥግ ላይ ይገባል። ድራጉንም (አሳው ሲስብ ሪሉ ክር እንዲለቅ የሚያደርገውን ማስተካከያ) ቀድማችሁ በእጅ ስባችሁ ሞክሩት፣ ከጠበቀ ትልቁ አሳ በመጀመሪያው ሩጫ ክሩን ይበጥሰዋል።

ድምፅም አስቡ። ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ትልቁን ሞተር አስነስቶ መንጋው መሀል መግባት፣ የኩለር ክዳን ማጋጨት፣ ሙዚቃ መክፈት መንጋውን ይበትነዋል። ራቅ ብላችሁ አጥፉና በትሮሊንግ ሞተር ተጠጉ።

በጋ ላይ እየያዙ መልቀቅ። እዚህ ጋ ከልቤ ነው የምለምናችሁ። ነሀሴ ላይ ከ60 ጫማ ታግሎ የወጣ ስትራይፐር ከላይ የሚጠብቀው ሞቅ ያለ ውሃ ነው፣ ስትለቁት ጭራውን መቶ ሲሄድ ታዩና የተረፈ ይመስላችኋል፣ ብዙው ግን በኋላ ይሞታል። ስለዚህ በሙቀት ወራት የያዛችሁትን አስቀሩ፣ የምትበሉትን ያህል ስታገኙ ደግሞ አቁሙ፣ ትልቅ እስኪመጣ ትንሹን እየለቀቃችሁ አትቀጥሉ። ላኒየር ውስጥ ያለው ስትራይፐር ራሱን የሚተካ አይደለም፣ እንቁላሉ እስኪፈለፈል ድረስ ሁለት ቀን ያህል በሚፈስ ወንዝ ላይ እየተንሳፈፈ መጓዝ አለበት፣ ከሀይቁ በላይ ያሉት ወንዞች ደግሞ ለዛ አይበቁም። እዛ ያለው አሳ በጆርጂያ መንግስት በጫጩትነቱ የተለቀቀ ነው።

ላይሰንስ ከ16 አመት ጀምሮ ግዴታ ነው። በቀን 15 አሳ ነው የሚፈቀደው፣ ስትራይፐር፣ ዘመዱ ዋይት ባስና የሁለቱ ድቅል የሆነው ሀይብሪድ ተደምሮ ማለት ነው፣ ከነሱም 22 ኢንችና ከዛ በላይ መሆን የሚችሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው፣ ደንብ ሊቀየር ስለሚችል ከመውጣታችሁ በፊት የዘንድሮውን እዩ። የተረፈ ሄሪንግ ይዛችሁ ሌላ ሀይቅ አትሂዱ፣ ብሉባክ በህይወት እንደ ቤይት የማይፈቀድበት ብዙ ውሃ አለ፣ እዛ ከገባ የሌሎቹን አሳዎች እንቁላልና ምግብ ይጎዳል።

ስጋውን ማበላሸት። አሳው እንደወጣ ስንጥቡን ቆርጣችሁ ደሙን አፍስሱና በረዶ ውስጥ ቅበሩት፣ የሞቀ ታንክ ውስጥ ወይም ገመድ ላይ የዋለ አሳ ስጋው ይላላል። ፊሌ ስታወጡ በቆዳው በኩል ያለውን ቀይ ስጋ ቀርፋችሁ ጣሉት፣ ከባዱ ሽታ ያለው እዛ ነው፣ ነጩ ብቻ ሲቀር ለጥብስም ለዱለትም ይሆናል፣ ዱለቱን ግን በደንብ አብስሉት፣ የሀይቅ አሳ ጥሬውን አይበላም። ትልልቆቹ ላይ ሜርኩሪ ስለሚጠራቀም ጆርጂያ በየሀይቁ ምን ያህል አሳ ቢበላ እንደሚሻል የሚናገር መመሪያ ታወጣለች፣ እርጉዝ ሴትና ትንንሽ ልጆች ቤት ውስጥ ካሉ እሱን ሳታዩ አታቅርቡ።