ሐይቅ ዳር ቤት ላላችሁ፦ ባቦጋያን የሚጎዱ ስህተቶች

ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 47 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ ለቅዳሜና እሁድ ትመቻለች። ባቦጋያና ሆራ ዙሪያ ቤት የሠራውም፣ ሎጅ የከፈተውም ብዙ ነው። አንድ ነገር ግን ብዙዎቻችን እንረሳለን። እነዚህ ሐይቆች እሳተ ገሞራ በፈነዳበት ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀሙ ናቸው፤ ከነሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ውሃው ይተናል፣ የገባው ማዳበሪያና ሳሙና ግን እዚያው ይቀራል። የሚገርመው፣ ብዙው ጉዳት የሚመጣው ከዝርክርክ ሰው ሳይሆን ግቢውን ከሚያሳምረው ነው።

ዳርቻውን መመንጠር። ብዙ ሰው ቤቱን እንደገዛ ፊላውንና ቄጠማውን አስነቅሎ እስከ ውሃው ጫፍ ሣር ያስተክላል። ለፎቶ ያምራል፣ አይካድም። ግን የባቦጋያ ዳርቻ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ነው። ያ «ጫካ» የሚመስለው አፈሩን በሥሩ ይይዛል፤ ከግቢ የሚወርደውን ጎርፍም ያጣራል። የዓሣ ጫጩት የሚደበቀው፣ ወፍ የሚፈለፍለው እዚያው ነው። ወደ ውሃው መውረጃ ከፈለጋችሁ አንድ ጠባብ መንገድ ይበቃል፤ ሌላውን ተዉት። ከላይ ባዶ ቦታ ካለ ወይራ፣ ግራር ወይም ሾላ ትከሉበት።

ለሣሩ ዩሪያ መበተን። በተለይ በክረምት ዋዜማ። አንድ ዶፍ ዝናብ ሲጥል ግማሹ ሐይቅ ውስጥ ነው። ውሃ ውስጥ ያለው አልጌ (ውሃን አረንጓዴ የሚያደርገው ደቃቅ ሕይወት) በዚህ ይፋፋና ሐይቁ አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት ይመስላል። አንዳንዱ ዓይነት መርዛማ ስለሆነ ከብትና ውሻ ሊገድል ይችላል። ሣሩ ትንሽ ቢገረጣ ምን ይሆናል?

ዓሣ ሲሞት «መርዝ ጨምረውበት ነው» ማለት። ይሄ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ጥልቅ ሐይቅ ዓመቱን ሙሉ አይደባለቅም። ሞቃቱ ውሃ ከላይ ይሆናል፣ ኦክስጅን የሌለው ከታች ይቀመጣል። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ብርዳማ ሌሊቶች ላይኛው ቀዝቅዞ ይከብድና ይሰምጣል፤ ታችኛው ይወጣል። ያኔ ዓሣው አየር ሊያጥረው ይችላል። ድሮም ያለ የተፈጥሮ ነገር ነው። ነገር ግን አልጌው በበዛ ቁጥር ሞቶ ወደ ታች የሚወርደውም ይበዛል፤ እሱ ሲበሰብስ ደግሞ ኦክስጅን ይጨርሳል። ስለዚህ መርዝ የጨመረ ሰው ከመፈለጋችን በፊት የራሳችንን ግቢ ብንመለከት ጥሩ ነው።

የሽንት ቤት ጉድጓዱ «ሞልቶ አያውቅም» ብሎ መኩራራት። የማይሞላ ጉድጓድ የሚያፈስ ጉድጓድ ነው። የአካባቢው ድንጋይ ቀዳዳ ስለሚበዛው ፍሳሹ ወደየት እንደሚሄድ መገመት አያቅትም። ጉድጓዱን ከዳርቻው አርቁ፣ ታችና ጎኑን አስለስኑ፣ መጣጭ መኪና በየጊዜው ጥሩ። ሐይቅ ዳር መኪናና ምንጣፍ በኦሞ ማጠብም ያው ነው።

ከሌላ ቦታ አበባ ማምጣት። እምቦጭ ሐምራዊ አበባው ያምራል፣ ለኩሬ የሚወስደው ሰውም አይጠፋም። ኢትዮጵያ ውስጥ በ1965 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የተመዘገበው እዚሁ አጠገባችን፣ ቆቃ ላይ ነው። ጣና ላይ ያደረገውን ሁላችንም አይተናል። አታምጡት፤ በቃ።

ጉድጓድ ቆፍሮ ያለ ልክ መሳብ። ሐይቆቹን ከሚመግቧቸው አንዱ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። የሐረማያ ሐይቅ ለከተማም ለመስኖም ሲሳብ ኖሮ በኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ ደርቆ ነበር። ሣር ለማጠጣት ሌሊቱን ሙሉ ፓምፕ የሚያስነሳ ጎረቤት ካላችሁ ይህን ንገሩት።

አጥሩን ውሃ ውስጥ ማስገባት። እኔን ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ዓሣ አስጋሪውና ከብት የሚያጠጣው ገበሬ ከኛ በፊት እዚያ ነበሩ። እኛ ቅዳሜ መጥተን እሁድ ማታ እንመለሳለን፤ የውሃው ቀለም ሲቀየር፣ ቧንቧ ሲፈነዳ፣ ሌሊት ቆሻሻ ሲደፋ የሚያዩት እነሱ ናቸው። መተላለፊያ ተዉላቸው። በሚቀጥለው ስትሄዱ ደግሞ አንዱን ቡና ጋብዙና ስልክ ተለዋወጡ።