ጠመንጃ ቤታችሁ ካለ፣ ካዝና ስትገዙ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ከሰበታ እስከ ለገጣፎ፣ ከሱሉልታ እስከ ገላን፣ አዲስ አበባ ዳር ዳር ቤት ሠርቶ የገባው ሰው ብዙ ነው። አጥሩ ገና ቆርቆሮ ነው፣ መብራቱ ይመጣል ይሄዳል፣ ከማታ ሦስት ሰዓት በኋላ መንገዱ ላይ ሰው የለም። ስለዚህ ሽጉጥ ወይም ጠመንጃ ቤቱ የሚያስቀምጥ አለ፤ ከአባቱ የወረሰውም አለ። ስለ ፈቃዱ ብዙ አላወራም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፣ ያለ ፈቃድ መያዝ ወንጀል ነው፣ አለቀ። የማወራው ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ መሣሪያው የት ያድራል ስለሚለው ነው። ፍራሽ ሥር፣ ቁም ሳጥን አናት ላይ፣ ኮርኒስ ውስጥ የሚሉትን መልሶች ተዉአቸው፤ እነሱ ማስቀመጥ ሳይሆን መደበቅ ናቸው። ካዝና ለመግዛት የቆረጠ ሰው ራሱ የሚሳሳትባቸው ነገሮች ይበቁናል።

ስለ ሌባ ብቻ ማሰብ

ሱቅ ስንገባ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ሌባ ይሰብረዋል ወይ?» ብለን ነው። ጥያቄው መጥፎ አይደለም፤ ግን ሁለተኛ መሆን ነበረበት። ሌባ ዓመቱን ሙሉ ላይመጣ ይችላል። የሰባት ዓመት ልጃችሁ ግን ሁሌም እዚያው ነው። ከገጠር የመጣው የአጎት ልጅ አለ፣ ሠራተኛዋ አለች፣ ሰርቪሱን የተከራየው ወጣት አለ፣ በበዓል ደግሞ ግቢው በጎረቤት ልጆች ይሞላል። «ልጆቼ የት እንዳለ አያውቁም» የሚል አባት አጋጥሞኝ ያውቃል፤ ልጆቹ ጎን ለጎን ቆመው ይሳሳቁ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት አራት ነገሮችን ለየብቻ ተመልክቷል። መሣሪያው መቆለፉን፣ ጥይት ያልጎረሰ መሆኑን፣ ጥይቱ መቆለፉን፣ ጥይቱ ከመሣሪያው ተለይቶ መቀመጡን። ልጆችና ታዳጊዎች በድንገትም ሆነ ራሳቸውን ለመጉዳት አስበው በመሣሪያ የሚደርስባቸው ጉዳት አራቱም ባሉበት ቤት ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ልብ በሉ፣ ከአራቱ አንዱም ስለ ሌባ አይደለም።

ነገሩ ለአዋቂም ይሠራል። ቤት ውስጥ ሥራ ያጣ፣ ሐዘን የሰበረው፣ መጠጥ ያበዛ ሰው ካለና ኮዱን ካወቀ፣ ካዝናው ተራ ቁም ሳጥን ነው። ያኔ ኮዱን ወዲያው ቀይሩ። አልፋችሁም ፈቃድ የሰጣችሁ አካል ጋ ሄዳችሁ መሣሪያው ለጊዜው ከቤት የሚወጣበት ሕጋዊ መንገድ ካለ ጠይቁ። አያሳፍርም።

ሳይለኩ መግዛት

ሆቴል ክፍል ውስጥ የምናያት ዓይነት ትንሽ ካዝና ለሽጉጥ ትበቃለች። ለጠመንጃ አትሆንም። የእንጨት ሰደፍ ያለው ክላሽ ወደ 88 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል፤ የድሮው ቤልጅግ ማውዘር ደግሞ ከአንድ ሜትር ያልፋል። ሻጩ የሚነግራችሁ የውጭውን ቁመት ነው። መደርደሪያውና የበሩ ውፍረት ውስጡን ያሳንሱታል። መሣሪያውን ይዛችሁ ገበያ አትሄዱም መቼም፤ ቤት ውስጥ በሲባጎ ለኩትና ሲባጎውን ኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ካዝናውን ክፈቱ፣ ሲባጎውን ከታች እስከ ላይ ዘርጉት። ካልገባ፣ «ሰያፍ አድርገው ያስገቡታል» የሚለውን ምክር አትስሙ።

መልክ አይቶ ውፍረት አለማየት

ጥቁር ቀለም፣ ወፍራም እጀታ፣ ሰማያዊ መብራት። በጣም ያምራል። በሩ ወፍራም ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ስስ ላሜራ ታጥፎ ነው፣ መሐሉ ባዶ። እውነቱን የሚነግራችሁ ወለሉ ላይ ለብሎን የተበሳው ቀዳዳ ነው። ጣታችሁን ከትታችሁ የብረቱን ጠርዝ ዳስሱት፣ ከተቻለም በካሊፐር አስለኩት። አንድ ወይም አንድ ተኩል ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ከልጅ ይጠብቅላችሁ ይሆናል፤ ዲጂኖ ይዞ ከመጣ ሰው ግን አይጠብቅም።

መለያ የተለጠፈበት ከሆነ ምን እንደሚል አንብቡ። የአሜሪካው ዩ.ኤል 1037 የቤት ካዝና መለኪያ በዝቅተኛ ደረጃው በመዶሻ፣ በካቻቢቴና በመሳሰለው ተራ የሥራ መሣሪያ አምስት ደቂቃ ሙሉ ሲሠራበት አለመከፈቱን ነው የሚፈትነው። አዎ፣ አምስት ደቂቃ። ይህ የሚነግረን ካዝና ለዘላለም እንደማይቆይ ነው፤ ጊዜ ነው የሚገዛላችሁ። ጊዜው የሚጠቅመው ደግሞ ውሻው ሲጮህ፣ ጎረቤት ሲነቃ፣ ዘበኛው ሲደርስ ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ለጠመንጃ ከሆነ ከሚያብለጨልጨው ስስ ዕቃ ይልቅ ጥሩ በያጅ ጋ በወፍራም ላሜራ ያሠራችሁትን እመርጣለሁ። ግን ሁለት ነገር ንገሩት። በማጠፊያው በኩልም በሩ ሲዘጋ ፍሬሙ ውስጥ የሚገባ ብረት ይበይድበት፤ ማጠፊያው በግራይንደር ቢቆረጥ እንኳ በሩ አይነቀልም። ጓጉንቸሩ ደግሞ ውጭ አይንጠልጠል፤ እጅ ብቻ የሚገባበት የብረት ሽፋን ይሠራለት።

ሳያስሩ ማስቀመጥ

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ሰው ደህና ገንዘብ አውጥቶ ካዝና ይገዛል፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ይተኛል። አሥራ አምስት ኪሎ የምትመዝን ካዝና ሌባ ምን ብሎ ይሰብራታል? ታቅፏት ይሄዳል፤ ቤቱ ወስዶ ቡና እየጠጣ ይከፍታታል። የአውሮፓው ኢ.ኤን 1143-1 መለኪያ ከ1000 ኪሎ በታች የሆነ ካዝና ሁሉ መታሰሪያ እንዲኖረው ይጠይቃል። አንድ ሺህ ኪሎ! የእናንተ ስንት ኪሎ ነው?

ለማሰር ደግሞ የኛ ሰፈር ቤቶች የየራሳቸው ጣጣ አላቸው። ብሎኬት ግድግዳ ከሆነ ብሎኬቱ ውስጡ ክፍት ነው፤ የፕላስቲክ ፊሸር ከታችሁ ብሎን ብታጠብቁ ሁለት ሰው ሲጎትተው ከነአሸዋው ይወጣል። ጭቃ ቤት ከሆነማ ግድግዳውን እርሱት። ስለዚህ ወለሉ ላይ እሰሩ። ሊሾው ስስ ከሆነና ከሥሩ አፈር ከሆነ፣ ካዝናው የሚቀመጥበትን ቦታ ሰብራችሁ፣ ቆፈር አድርጋችሁ፣ ፌሮ አስራችሁ ኮንክሪት ሙሉበት። ከዚያ ታገሱ። ኮንክሪት የሚፈለግበት ጥንካሬ የሚለካው በ28 ቀኑ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ድሪል ይዞ የሚመጣ ባለሙያ ቸኩሏል፣ መልሱት። ብሎኑ ሲጠብቅ እየሰፋ ኮንክሪቱን የሚነክሰው የብረት ዓይነት ይሁን፤ አራቱም ቀዳዳ ይታሰር፣ ሁለቱ ብቻ አይደለም።

ፎቅ ላይ ወይም ኮንዶሚኒየም ከሆናችሁ ሶሌታውን ከመብሳታችሁ በፊት ከሥር የውሃና የመብራት መስመር አለመኖሩን የሚያውቅ ሰው ይይላችሁ።

ቦታ ስትመርጡ ጥግ ምረጡ። ግራና ቀኙ ግድግዳ ከሆነ ዲጂኖ ለመፈንቀል መወዛወዣ ያጣል። ሰርቪስ ክፍል፣ ዕቃ ቤት፣ ከመስኮት የሚታይ ቦታ አይሆንም።

የቁልፉ ነገር

የቁጥር ኮድ ያለው ካዝና ፋብሪካው የሰጠውን ኮድ ይዞ ነው የሚመጣው፤ መመሪያው ላይ ታትሟል፣ ሻጩም ያውቀዋል። ስንቱ ነው ሳይቀይረው ዓመት የሚቆየው! የቀየረውም የልጁን የልደት ዓመት ወይም የመኪናውን ታርጋ ያደርገዋል። ቤተሰቡ ሁሉ የሚያውቀው ቁጥር ኮድ አይባልም። ኮዱን የምትጫኑባቸውን የቁጥር ቁልፎችም አልፎ አልፎ በጨርቅ ጥረጉ፤ አቧራማ ሰፈር ነው ያለነው፣ የምትነኳቸው አራት ቁጥሮች ብቻ ንጹሕ ሆነው ሲታዩ የቀረው መገመት ነው።

ሱቅ ውስጥ ሳላችሁ አንድ ነገር አድርጉ። ተመሳሳይ ሞዴል ሁለት ካዝና ጎን ለጎን ካለ፣ የአንዱን የድንገተኛ ጊዜ ቁልፍ በሌላው ሞክሩት። ሻጩ ፊቱን ያጨማድድ ይሆናል፤ ያጨማድድ። ከከፈተ ሁለቱንም ተዉአቸው። ከዚያ የተቆለፈውን ካዝና እጀታውን ይዛችሁ አናቱን በቡጢ መታ መታ አድርጉት። በርካሾቹ ላይ መቀርቀሪያውን የምትይዘው ትንሽ ፒን በንዝረት ዘልላ ትለቃለች፣ በሩም ይከፈታል። ቤት ውስጥ ልጅ እየዘለለ ሲደበድበው ምን እንደሚሆን አስቡት።

የጣት አሻራ ያለውን የሚወድ ብዙ ነው። ለመክፈት ፈጣን ነው፣ እሺ። ግን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን ወደ 61,000 የሚጠጉ ባለ አሻራ የመሣሪያ ካዝናዎች ከገበያ እንዲሰበሰቡ ማስታወቁን እወቁ፤ አሻራቸው ላልተመዘገበ ሰዎችም ይከፈቱ ነበር። ከገዛችሁ፣ አሻራችሁን ከመዘገባችሁ በኋላ የቤቱ ሰው ሁሉ፣ ልጆችም ጭምር፣ ባዶውን ካዝና በየጣታቸው ይሞክሩት። መሣሪያው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።

የባትሪ ድንጋዩ ሲያልቅ መብራት ጠፋ ብላችሁ ኤልፓን አትውቀሱ፤ እነዚህ ካዝናዎች በድንጋይ ነው የሚሠሩት። ጥሩ አልካላይን ግዙ፣ ርካሹ አሲድ ያፈስባችኋል። የድንገተኛ ጊዜ ቁልፉን ደግሞ ካዝናው ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው አለ። እውነቴን ነው፣ አለ።

ጥይቱን ከመሣሪያው ጋር ማጎር

መሣሪያው ካዝና ሲገባ ካርታው፣ ማለትም የጥይት መያዣው፣ የወጣ፣ ያልተቀባበለ መሆን አለበት፤ ካርታው ወጥቶ አንድ ጥይት ውስጥ ሊቀር ስለሚችል በዓይን አይታችሁ አረጋግጡ። ጥይቱ የራሱ ትንሽ የሚቆለፍ ሳጥን ይኑረው፣ ቁልፉም የተለየ ይሁን።

ለእሳትም ይጠቅማል። ቤት ሲቃጠል የተቀባበለ መሣሪያ በሙቀቱ ብቻ እንደተተኮሰ ያህል ጥይቱን ይልካል። ካርቶኑ ውስጥ ያለ ጥይት ግን ቀለሁ ይፈነዳል እንጂ እርሳሱ በዚያ ጉልበት አይሄድም። ስለዚህ ጥይትን በመጣበት ካርቶን ተዉት፤ አየር በማያስወጣ ወፍራም ብረት ውስጥ ጠቅጥቆ ማሸግ ደግሞ ሳጥኑን ራሱን ቦምብ ያደርገዋል። ከጄኔሬተር ቤንዚን፣ ከምጣዱ ቤት፣ ቀን ሙሉ ከሚግል ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አርቁት። እሳት ከተነሳም ለእሳት አደጋ ሠራተኞቹ መጀመሪያ የምትናገሩት «ውስጥ ጥይት አለ» ብላችሁ ነው።

«እሳት አይበግረውም» የሚባለውን ካዝና በተመለከተ፦ ባዶ ብረት ሙቀት ያስተላልፋል። እሳት የሚቋቋመው በግድግዳው መሐል እንደ ጂፕሰም ያለ ነገር የተሞላበት ነው፤ ጂፕሰም ውስጡ የያዘውን ውሃ በእንፋሎት እየለቀቀ ሙቀቱን ያዘገየዋል። ሻጩ ስንት ደቂቃ፣ በስንት ዲግሪ እንደሆነ በጽሑፍ ካላሳያችሁ ወሬ ነው።

ክረምትን መርሳት

ሱሉልታን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ልብስ አይደርቅም፣ ግድግዳው ያልባል፤ ብረት ካዝና ውስጥ ያለ ብረት ደግሞ ዝም ብሎ ይዝጋል። ካዝናውን ሊሾው ላይ በቀጥታ አታስቀምጡት፣ ከሥሩ ወፍራም ጎማ አንጥፉ። ሽጉጡን በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ አታሳድሩት፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል። ጫማ ካርቶን ውስጥ የምናገኛት እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጥሩ ነች፣ ግን አንዷ ለካዝና አትበቃም፤ ትልልቁን ግዙና ሲሞላ ቀይሩት። መሣሪያውንም በወር አንዴ ስስ ዘይት አስነኩት። ዘይቱ ጥይቱን አይንካ።

ሰፈር እያየ ማስገባት

አይሱዙ በር ላይ ይቆማል፣ ጫኝና አውራጆች ይሰበሰባሉ፣ ዋጋ ላይ ጭቅጭቅ ይነሳል፣ ግማሹ መንደር ይወጣል። ካርቶኑ ላይ ደግሞ የካዝና ሥዕል አለ። በማግስቱ «እነ እገሌ ካዝና ገዙ» ይባላል፤ ካዝና ያለበት ቤት ምን እንዳለ ሰው የራሱን ይገምታል። ካርቶኑን ሱቁ ጋ ጣሉት፣ በማዳበሪያና በሸራ ጠቅልላችሁ ከሌላ የቤት ዕቃ ጋር አስጭኑት። አሳሪው ባለሙያም የሰፈር ልጅ ባይሆን ይሻላል፤ ሲመጣም መሣሪያውን ማየት የለበትም።

በመጨረሻ የወረቀቱ ነገር አለ። የመሣሪያውን ቁጥርና የፈቃዱን ኮፒ ካዝናው ውስጥ ብቻ አታስቀምጡ። ካዝናው ከሄደ እነሱም አብረው ሄዱ፤ ፖሊስ ጣቢያ ገብታችሁ መጀመሪያ የምትጠየቁት ደግሞ ያንኑ ቁጥር ነው። አንድ ኮፒ ታማኝ ዘመድ ቤት፣ በታሸገ ፖስታ።