የኮሌታ ማይኬ ስልኬ ላይ አልሠራ ሲለኝ

ሦስት ቀን የፈጀብኝን ነገር ልጻፈው፤ ሌላ ሰው እንዳይደክምበት።

አራት ኪሎ፣ መንገድ ዳር ቃለ መጠይቅ ቀዳሁ። ማይኩን የእንግዳዬ ኮሌታ ላይ ሰካሁ፣ ገመዱን ስልኬ ላይ። ቤት ገብቼ ስሰማው የሳቸው ድምፅ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። የታክሲው ረዳት «ፒያሳ! ፒያሳ!» ግን ጥርት ብሎ ይሰማል።

መጀመሪያ አፑን ጠረጠርኩ። ሌላ ሁለት መቅጃ ጫንኩ፤ ያው ነው። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ኖይዝ ሪዳክሽን (ጩኸት መቀነሻውን) ሞከርኩ። የመኪናው ጩኸት ቀነሰ፤ ሰውዬው ግን ቆርቆሮ ውስጥ ሆነው የሚያወሩ መሰሉ።

በሦስተኛው ቀን እየቀዳሁ ማይኩን በጥፍሬ ጫር ጫር አደረግኩት። ቅጂው ላይ ምንም የለም። የስልኩን የታችኛውን ጠርዝ ስጭረው ግን ጆሮ ይበሳል። ለካ ስልኩ ሲቀዳ የነበረው በራሱ ማይክ ነው!

ከዚያ የማይኩን ገመድ መሰኪያ ከስልኬ ኢርፎን መሰኪያ ጋር አስተያየሁት። ኢርፎኑ ሦስት ጥቁር ቀለበት አለው፤ ማይኬ ሁለት። ባለ ሁለቱ ቲአርኤስ ይባላል፣ ለካሜራ የሚሆን ነው። ስልክ የሚፈልገው ባለ ሦስቱን፣ ቲአርአርኤስ የሚባለውን ነው። ባለ ሁለቱን ሲሰኩበት ማይክ የሌለው ኢርፎን ነው ብሎ ያልፈዋል።

ሜክሲኮ አካባቢ ከቲአርኤስ ወደ ቲአርአርኤስ የሚቀይር አጭር ገመድ ገዛሁ። ስትገዙ ለማይክ መሆኑን ተናገሩ፤ ለሁለት ኢርፎን የሚከፋፍለው ገመድ (ስፕሊተር) መልኩ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፣ እሱ ግን አይሠራም።

እንግዳዬ ጋ ተመለስኩ። ጋሼ ሳይሰለቹ ደግመው አወሩልኝ። አሁን ጥያቄ ከመጀመሬ በፊት ማይኩን በጥፍሬ ጭሬ አዳምጣለሁ።