የስፖርት ሰዓት ወይስ ስማርት ሰዓት? ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሱቅ ገብተን መጀመሪያ የምናየው የስክሪኑን ውበት ነው። መቅደም ያለበት ግን የራስ ውሎ ነው። ማለዳ ተነስቶ የሚሮጥ ሰውና ቀኑን ሙሉ ስብሰባ ላይ ሆኖ መልእክት የሚጠብቅ ሰው የሚያስፈልጋቸው ሰዓት ይለያያል።

የመጀመሪያው ስህተት ስልክን መርሳት ነው። አፕል ዎች ከአይፎን ውጭ ካለ ስልክ ጋር አይሠራም። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የወጡት የሳምሰንግ ጋላክሲ ዎች ሞዴሎች ደግሞ ከአይፎን ጋር አይገናኙም። ስለዚህ ውጭ ያለ ዘመድ «ምን ላምጣልህ?» ሲል የስልክዎን ዓይነት አብረው ይንገሩት። በስፖርት ሰዓቶቹ የሚታወቀው ጋርሚን ግን ከአይፎንም ከአንድሮይድ ስልኮችም ጋር ይስማማል።

ሁለተኛው ባትሪን መናቅ ነው፤ እኔን ያስከፈለኝም ይኸው ነው። ማታ መብራት ጠፍቶ ስማርት ሰዓቴ ቻርጅ ሳይደረግ አደረ። ንጋት ላይ እንጦጦ ስወጣ 30 በመቶ ይላል፤ ይበቃኛል ብዬ ጀመርኩ። ሽቅብ እየሮጥኩ ዘጠነኛው ኪሎ ሜትር ላይ ስክሪኑ ጠቆረ። አፕል ለአፕል ዎች ሲሪስ 9 የሚሰጠው የባትሪ ዕድሜ 18 ሰዓት ነው። ጋርሚን ፎርረነር 55 ግን እስከ ሁለት ሳምንት፣ ጂፒኤስ (በሳተላይት ቦታንና ርቀትን የሚለካው) በርቶ ደግሞ እስከ 20 ሰዓት ይቆያል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ለሚሮጥ ሰው ይህ ልዩነት ከማንኛውም አፕሊኬሽን ይበልጣል።

«ጂፒኤስ አለው» ሲባል ዝም ብሎ ማመንም ያሳስታል። ብዙዎቹ ርካሽ ሰዓቶች የሚጠቀሙት የስልኩን ጂፒኤስ ነው፤ ስልኩ ቤት ከቀረ ርቀቱን ከእርምጃ ብዛት ይገምታሉ። ሻጩን «ስልኬን ትቼ ብሮጥ መንገዴን ይመዘግባል?» ብለው ይጠይቁት።

ማሰሪያውን አላልቶ የልብ ምቱ ተሳሳተ ማለትም አለ። ከእጅ አንጓ አጥንት ትንሽ ከፍ አድርገው ጠበቅ ያድርጉት።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን የስኳር ጉዳይ ነው። አክስቴ የስኳር ሕመም አለባቸው። ዘመድ ከዱባይ «ሳይወጋ ስኳር ይለካል» የተባለ ሰዓት አመጣላቸውና ደስ ብሏቸው አሰሩት። እኔ አውልቄ ብርቱካን ላይ አሰርኩት፤ 98 ብሎ አነበበ። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ቆዳ ሳይወጋ በራሱ የደም ስኳር እንዲለካ የፈቀደው አንድም ሰዓት ወይም ቀለበት እንደሌለ ተናግሯል። በእንዲህ ያለ ቁጥር ተመርቶ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ስኳሩ በድንገት ወርዶ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ሻጩ ይህን ባሕሪ ከጠራልዎ ሰዓቱን መልሰው ይስጡት።

አክስቴ አሁን ስኳራቸውን የሚለኩት እንደ ድሮው ጣታቸውን ወግተው ነው። ሰዓቱንም አልጣሉትም፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እርምጃቸውን ይቆጥሩበታል።