የላላ የፒክአፕ መሪ፦ ፍተሻ፣ ጥገናና የፊት ጎማ አላይመንት

መሪ ላላ ሲባል ብዙ ሰው በቀጥታ ወደ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ) ማሽን ይሄዳል። ቅደም ተከተሉ ግን የተገለበጠ ነው። ቴስቲኒው (የመሪውን ዘንጎች የሚያገናኘው ባለ ኳስ መጋጠሚያ) ወይም ኩሽኔታው (ቤሪንጉ) ልቅ ሆኖ እያለ የተለካ አላይመንት መኪናው የመጀመሪያውን ጉድጓድ ሲመታ ይጠፋል። መጀመሪያ የላላውን ቦታ ማግኘት፣ ቀጥሎ መቀየር ወይም ማጥበቅ፣ አላይመንት መጨረሻ።

እዚህ የሚቀርበው አሠራር የፊት አክስሉ ወጥ ሆኖ በባሌስትራ (በተደራረበ የብረት ስፕሪንግ) ላይ የተቀመጠውን የቀድሞውን ቶዮታ ሃይሉክስ (ኤልኤን 106) ይመለከታል። የላንድክሩዘር 75 ፒክአፕም በአሠራሩ ለዚሁ ይቀርባል።

ጎማዎቹን በልኩ ይንፉ፤ ግራና ቀኙ እኩል ይሁን። መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ ጎማው ቀጥ እንዳለ ያቁሙ። የኃይል መሪ ካለው ሞተሩን ያስነሱ። መሪውን በጣት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያንቀሳቅሱና ጎማው ሳይነቃነቅ የመሪው ጠርዝ ምን ያህል እንደሚሄድ በሜትር ይለኩ። ከ30 ሚሊ ሜትር ካለፈ ሥራ አለ።

አሁን ሞተሩን ያጥፉ፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ የኋላ ጎማዎችን በታኮ ይደግፉ። ጎማው መሬት ላይ እንዳለ አንድ ሰው መሪውን ግራ ቀኝ በአጭሩ እየነቀነቀ ይቆይ፤ እርስዎ ከሥር ገብተው ከላይ ወደ ታች ይከተሉት፦ የመሪው ዘንግ መጋጠሚያ፣ የመሪው ሳጥን፣ ከሳጥኑ የሚወጣው ክንድ፣ ከክንዱ ወደ ጎማ የሚሄደው ባራ (ዘንግ)፣ ሁለቱን ጎማዎች የሚያያይዘው ባራ። ዓይን ብቻውን ያታልላል። እያንዳንዱን መጋጠሚያ በመዳፍ ጨብጠው ይያዙት፤ አንዱ ወገን ተንቀሳቅሶ ሌላው ሲዘገይ እጅ ወዲያው ያውቀዋል። የመሪው ሳጥን ራሱ በሻንሲው ላይ የሚነቃነቅ ከሆነ ቡሎኖቹን ከማጥበቅ በፊት ጭቃውን አጥበው ሻንሲውን ይመርምሩ። በዚያ ዘመን ሃይሉክሶች ላይ ሻንሲው በሳጥኑ ማሰሪያ ዙሪያ መሰንጠቁ የታወቀ ነው፤ ስንጥቅ ካለ መኪናው በብየዳ ሳይጠናከር መነዳት የለበትም። የባሌስትራ ጎሚኒዎችንም (የላስቲክ ማስገቢያዎችንም) አይዝለሉ። እነሱ ሲያልቁ አክስሉ ራሱ ይሸሻል፤ ነጂው ግን መሪው የላላ ይመስለዋል።

ቀጥሎ የፊቱን በክሪክ አንስተው በጠንካራ መደገፊያ ላይ ያሳርፉ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር መግባት ሕይወት ያስከፍላል። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ይነቅንቁ። ከተነቃነቀ ረዳትዎ ፍሬን ይርገጥ፤ ንቅናቄው ከጠፋ ጥፋቱ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ ጎማው የሚዞርባቸው የላይና የታች የመሪ ኩሽኔታዎች ናቸው። ይህች የፍሬን ፍተሻ ብዙ ሰው ያለ ጥፋቱ ቴስቲኒ እንዳይቀይር ታድናለች። የጎማውን ኩሽኔታ ለማጥበቅ 54 ሚሊ ሜትር ቡሶላ (የዳዶ መፍቻ) ያስፈልጋል፤ ዳዶውን (ነቱን) በመሮና በመዶሻ እየመቱ ማዞር ጥርሱን ያበላሻል፣ ልኩንም ያሳስታል። ውስጠኛው ዳዶ ሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት ሐብ) እየተሽከረከረ በ60 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) ይጠብቃል፣ ይላላል፣ ከዚያ ንቅናቄው እስኪጠፋ ብቻ በስሱ ይጠጋል። ከልክ በላይ የጠበቀ ኩሽኔታ ግሎ ይነክሳል።

ቴስቲኒ ሲቀየር ኮፒሊያውን (ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዘውን ፒን) ያውጡ፣ ዳዶውን ያላሉ፣ ከዚያ የተቀመጠበትን የክንድ ዓይን ከጎኑ በመዶሻ አጥብቀው ይምቱት፤ ይለቃል። የብሎኑን ጫፍ መምታት ጥርሱን ያደቅቀዋል፣ ሹካ ብረት መጠቀም ደግሞ ላስቲኩን ይቀድደዋል። አሮጌው ስንት ዙር ዞሮ እንደወጣ ቆጥረው አዲሱን በዚያው ቁጥር ያስገቡ። የአንዱ ጫፍ ጥርስ ግራ ዞሮ ነውና በግድ አይፍቱት። ዳዶው በ91 ኒውተን ሜትር ይታሰራል። የኮፒሊያው ቀዳዳ ካልገጠመ ጨምረው ያጥብቁ እንጂ መልሰው አያላሉ። ሶማሌ ተራ (የአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ) ሲገዙ ዋጋው ብቻ አይግዛዎ፦ ኳሱ በእጅ ሲነቀነቅ ጠንከር ብሎ መዞር አለበት፤ ልል ብሎ የሚወድቅ አዲስ ቴስቲኒ ከነካርቶኑ ይመለስ።

በጣም የሚበላሸው ደረጃ የመሪው ሳጥን ነው። በክዳኑ ላይ ያለችውን ማስተካከያ ቡሎን ማጥበቅ ቀላልና ነጻ ስለሆነ ብዙዎች ሥራውን ከእሷ ይጀምራሉ። በሳጥኑ ውስጥ ያሉት ጥርሶች ብዙ የሚሠሩት ጎማው ቀጥ ባለበት መሐል ላይ ነው፤ የሚበሉትም እዚያው ነው። መሐሉን እስኪጠብቅ ካጠበቋት ያልተበሉት የግራና የቀኝ ጥርሶች ይነካከሳሉ። ውጤቱ ከታጠፈ በኋላ የማይመለስ መሪ ነው፤ ይህም ከላላው በላይ አደገኛ ነው።

ስለዚህ ሳጥኑ ጋ የሚደርሱት ሌላው ሁሉ ጠብቆ ካለቀ ብቻ ነው። ጎማዎቹን ከመሬት አንስተው፣ ከተቻለም ባራውን ከክንዱ አላቀው፣ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ዙሩን ቆጥረው በግማሹ ያቁሙት። መያዣ ዳዶውን አላልተው ቡሎኗን በካቻቢቴ ወደ ቀኝ ስምንተኛ ዙር ብቻ ያዙሩ። ዳዶውን አስረው መሪውን ከዳር እስከ ዳር ያዙሩ። መሐሉ ላይ ጥቂት ከበድ ማለቱ ደንብ ነው፤ ዳሮቹ ላይ ከከበደ ተሳስቷል፣ መልሱት። በሁለት ሦስት ሙከራ ካልተስተካከለ ሳጥኑ አልቋል።

የፊት ጎማዎች አላይመንት ያለ ማሽንም ይስተካከላል። እያንዳንዱን ጎማ አንስተው እያሽከረከሩ መሐሉ ላይ በሹል ነገር ቀጭን መስመር ያስምሩ፤ ጎማ ወይም ቸርኬ ጠማማ ቢሆን እንኳ ይህ መስመር ቀጥ ይላል። መኪናውን አውርደው፣ ጭነት ሳይኖረው፣ ከፊት ወደ ታች ጥቂት ጊዜ ጫን ጫን ያድርጉትና 5 ሜትር ያህል ወደ ፊት ይግፉት። ከጎማዎቹ ኋላ፣ በሞዞው መሐል ከፍታ፣ በሁለቱ መስመሮች ላይ ምልክት አድርገው ርቀታቸውን ይለኩ። ምልክቶቹ በዚያው ከፍታ ከፊት እስኪመጡ ይግፉትና እንደገና ይለኩ። ወደ ኋላ አይግፉ፤ ልኩ ይለወጣል። የፊቱ ከኋላው ከ0 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ሊያንስ ይገባል።

ማስተካከያው የሁለቱ ጎማዎች ባራ ነው። ማሰሪያዎቹን አላልተው ቱቦውን ያዙሩ። ባራው ከአክስሉ ኋላ ከሆነ ማስረዘም የጎማዎቹን ፊት ያጠብባል፤ ከፊት ከሆነ ተቃራኒው ነው። ሩብ ዙር እንኳ ብዙ ያንቀሳቅሳልና በጥቂቱ ይሂዱ። ከማሰርዎ በፊት ሁለቱ ቴስቲኒዎች በአንድ አቅጣጫ መቀመጣቸውን ያረጋግጡ፤ አለዚያ መሪው ሲታጠፍ አንዱ ቀድሞ ይነክሳል።

ልኩ መሳሳቱን የጎማው ጥርስም ይናገራል። መዳፍዎን ከውጭ ወደ ውስጥ ሲያሳልፉ ለስላሳ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ሲመልሱ ሹል ከሆነ ፊቱ ከልክ በላይ ጠቧል።

መሪው በኮረኮንች ላይ ሲንቀጠቀጥ የመሪ አሞርዛተር (ንዝረት መቀነሻ) ብቻ መቀየር ችግሩን ይደብቃል እንጂ አያድነውም። በኋለኛው ሃይሉክስ በቪጎና ከእሱ በኋላ በመጡት የፊቱ አሠራር የተለየ ነው፤ የታችኛው ክንድ ቡሎኖች ሌሎቹን የጎማ አንግሎችም ስለሚለውጡ ማሽን ያስፈልጋል።

ሁሉም ታስሮ በሙከራ ጉዞ ላይ መኪናው ወደ አንድ ወገን ከሳበ ሁለቱን የፊት ጎማዎች ያቀያይሩ። ስበቱ አብሮ ከዞረ ጥፋቱ የጎማው ነው። ካልዞረ የፍሬን መያዝን፣ ቀጥሎ የተጣመመ አክስልን ወይም የተቀመጠ ባሌስትራን ይፈትሹ።